ፑኔ ላይ ሞዳክ ስንሠራ

ህንድ ውስጥ ከሙምባይ እስከ ፑኔ ከተማ ስላለው መንገድ ብዙ የምለው የለኝም። እንቁጣጣሽን ቤቴ ውዬ ማታውኑ ስለበረርኩ አውቶቡስ ውስጥ ተኝቼ ነበር። ስነቃ ዝናብ ነው፣ ተራራ ነው፣ ከዚያ እንደገና እንቅልፍ። 150 ኪሎ ሜትር ገደማ እንዲህ አለቀ።

ፑኔ ላይ በደንብ ያነቃኝ የባጃጅ ሾፌር ነው። ሜትሩ ተበላሽቷል አለና 300 ሩፒ ጠየቀኝ። ሻንጣ ይዤ፣ ዝናብ እየወረደብኝ ምን እላለሁ? ከፈልኩ። እዚያ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የአክስቴ ልጅ ስትሰማ "ግማሹም ይበዛበታል" ብላ ሳቀችብኝ። የኛን ከተሞች የሞላው የባጃጅ ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤት ለካ እዚሁ ፑኔ ነው። ባጃጅ የሚወለድበት ከተማ ድረስ ሄጄ በባጃጅ ተበላሁ።

የሄድኩት ለጋኔሽ ቻቱርቲ ነው። ጋኔሽ ያ የዝሆን ራስ ያለው የሂንዱዎች አምላክ ነው። በዓሉ መስከረም 3 ቀን 2011 ዓ.ም. ዋለ፤ ዐሥር ቀን ይከበራል። የዋዜማውን ሌሊት ግን አታንሱብኝ። ያረፍኩበት ፔንሲዮን መስኮት ሥር የበዓሉን ዳስ እየሠሩ ነበር። መዶሻው ሲያርፍ ከበሮው ይነሳል፣ ከበሮው ሲያርፍ ትንኟ ትመጣለች። የፑኔ የከበሮ ቡድኖች ለዚህ በዓል ሳምንታት ሙሉ ይለማመዳሉ አሉኝ። አምናለሁ። ልምምዳቸው የገባኝ ግን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ባይሆን ደስ ይለኝ ነበር።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የአክስቴ ልጅ ጎትታ አስነሳችኝና ማንዳይ ወደሚባለው ትልቁ ገበያ ሄድን። የአደይ አበባን የመሰለ ብጫ አበባ በጉንጉን በጉንጉን ተከምሯል። ለአምላኩ የሚቀርበው ሣር ሳይቀር ታስሮ ይሸጣል፣ ያውም 21 ዘለላ ተቆጥሮ። ኮኮናት የበዓል ዋጋ ገብቶበት ነበር። እሷ ተከራከረች፣ እኔ ተሸከምኩ።

የአክስቴን ልጅ አከራይ ሰፈሩ ሁሉ "ካኩ" ነው የሚላቸው፤ አክስቴ እንደማለት ነው። ገና በር ላይ እንደቆምኩ "ታጥበሃል?" አሉኝ።

"ታጥቤያለሁ።"

"ዛሬ?"

ለአምላክ የሚቀርብ ምግብ ገላውን ባልታጠበ ሰው እጅ አይነካም። ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የዚያን ቀን ወጥ ቤት አይገቡም። ተመልሼ እንደገና እጄን ታጠብኩና ገባሁ።

የምንሠራው ሞዳክ ነው፤ ጋኔሽ ከሁሉ አብልጦ ይወደዋል የሚባለው ጣፋጭ። ካኩ መሬት ላይ ቁጭ ብለው አንድ ጣውላ በእግራቸው ረገጡ። ጣውላው ላይ ስለት ቆሟል፣ የስለቱ ጫፍ ጥርስ ያለው ክብ ብረት ነው። ግማሽ ኮኮናት እዚያ ላይ እያዞሩ ይፈቀፍቃሉ። እኔ ብሆን ጣቴን አብሬ ፈቅፍቄ ነበር። ለሁለት እጅ ኮኮናት አንድ እጅ ጃገሪ፣ ማለትም ያልተጣራ ቡናማ የሸንኮራ አገዳ ስኳር፣ ጨምረው በዝግታ እሳት ላይ ጣዱት። ጃገሪው ይቀልጣል፣ ውሃ ያወጣል፣ ከዚያ ይመጠጣል። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ነው የሚወርደው፤ ካለፈ ሲቀዘቅዝ ድንጋይ ይሆናል። መጨረሻ ላይ ሄልና ትንሽ ገውዝ ገባ።

ሽታው ቤቱን ሲሞላው እጄ ሳላዘው ወደ ማማሰያው ሄደ። ካኩ እጄን ያዙ። መቅመስ የለም! እግዜሩ ሳይበላ ማንም አይበላም፤ ቀማሽም አይቀምስም። ይኼ ነገር ከከበሮው በላይ ነው የረበሸኝ። ወጥ ስትሠራ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ የማትቀምስ ባለሙያ አይቼ አላውቅም። እናቴ ሳትቀምስ ያቀረበችው ምግብ ቢመጣ እኔ ራሴ እፈራዋለሁ። ጨውስ ቢበዛ? ካኩ ግን ድስቱን ያያሉ፣ ያሸታሉ፣ በቃ። ጥያቄዬን የአክስቴ ልጅ ስትተረጉምላቸው "ዕድሜ ልኬን ሳልቀምስ ነው የሠራሁት" አሉ።

ሊጡ የሩዝ ዱቄት ነው። ውሃ ከጨውና ከትንሽ ቅቤ ጋር ይፈላል፣ ዱቄቱ ይገባና ይከደናል፤ ከዚያ ገና እያቃጠለ ይታሻል። ከቀዘቀዘ ይሰነጠቃልና መጠበቅ የለም። ካኩ ጣታቸውን ውሃና ዘይት እያስነኩ ያሻሉ፤ ፊታቸው ላይ ምንም አይታይም። ከዚያ ድብልብሉን ስስ ጽዋ ያስመስሉታል፣ ዙሪያውን በጣት እየቆነጠጡ እጥፋት ያወጣሉ፣ ኮኮናቱን ሞልተው ጫፉን ሰብስበው ይዘጋሉ። ቁጭ ያለ ነጭ ሽንኩርት ይመስላል። የሳቸው እጥፋት ስስና ብዙ ነው፤ የኔዎቹ ከጓሮ በኩል ተደረደሩ። ሁሉም ቀዝቃዛ ውሃ ነክቶ፣ የእርድ ቅጠል ተነጥፎለት፣ ለሩብ ሰዓት ያህል በእንፋሎት በሰለ። የእርድ ቅጠል ሽታ እንደዚህ መሆኑን ማን አወቀ?

21 ሞዳክ ተቆጥሮ ለአምላኩ ቀረበ። ጸሎቱ እኩለ ቀን ላይ ነው፤ ጋኔሽ የተወለደው በዚያ ሰዓት ነው ይላሉ። እኔ ቁርስ አልበላሁም ነበር።

በመጨረሻ ትኩሱ ሞዳክ መጣ። ጫፉ ይከፈትና የቀለጠ ቅቤ ይፈስበታል። አንደኛው ግሩም ነው። ሁለተኛውም ጥሩ ነው። ሦስተኛው ላይ ጣፋጭ የሚባል ነገር በቃኝ፤ ካኩ ግን "በቃኝ" አይሰሙም። ያዳነኝ የተረፈው ሊጥ ነው። ቃሪያ፣ ከሙንና ድንብላል አሽተውበት ጠፍጠፍ አድርገው በእንፋሎት አበሰሉት። ኒቫግርያ ይባላል። ይቅርታ ይደረግልኝና ከበዓሉ ምግብ ሁሉ ልቤን የወሰደው ይኼ ትርፍራፊ ነው። ሰሃኑን ብቻዬን ጨረስኩት።

ማታ ዳግዱሼት ሃልዋይ ወደሚባለው የከተማው ዝነኛ ጋኔሽ ሄድን። ሰልፉ አያልቅም፤ ሰው ጫማዬን ይረግጣል፣ እኔም የሰው እረግጣለሁ። ስሙ የመሥራቹ ነው፤ ሰውዬው ጣፋጭ ሻጭ ነበር፤ ልጁን በሞት ካጣ በኋላ ነው ጣዖቱን ያቆመው ይባላል። በዓሉ ራሱ ድሮ በየቤቱ ነበር የሚከበረው። እንዲህ አደባባይ ላይ የወጣው በእንግሊዝ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ነው። ሕዝቡ እንዲሰባሰብበት ብሎ ብዙ የገፋበት የፑኔው ፖለቲከኛ ባል ጋንጋዳር ቲላክ ነው። ስንመለስ የአክስቴ ልጅ ቀና እንዳልል ከለከለችኝ። ጋኔሽ ሞዳክ በልቶ በልቶ ከሚጋልባት አይጥ ላይ ሲወድቅ ጨረቃ ስቃበት ተረገመች አሉ፤ በዚያች ማታ ያያት ሰው በሐሰት ይከሰሳል። ሰማዩ በደመና ስለተሸፈነ ለመታዘዝ አልተቸገርኩም።

በማግስቱ ዓርብ ነበር። ካኩ ቁርስ ሞዳክ ከነቅቤው ሲያቀርቡ የአክስቴ ልጅ ጾም ናት። እንዴት ይረዷታል ብዬ ስጨነቅ ካኩ ገና እሷ ተናግራ ሳትጨርስ ገባቸው፤ እሳቸውም ይጾማሉ፣ የጾም ቀን የሚበላና የማይበላ ለይተው ያውቃሉ። ትንሽ ሊጥ በዘይት አዘጋጅተው ለሷ ብቻ አምስት ሞዳክ ሠሩላት። እኔን ደግሞ ቀና ብለው አዩኝ፤ "አንተስ?"

"እኔ መንገደኛ ነኝ" አልኩና ቅቤውን ወደ ራሴ ሳብኩት።