«ግሬድ 1 ፋቲ ሊቨር» የሚለው ወረቀት የማይነግረን

ለሐሞት ጠጠር ወይም ለኩላሊት ብለው አልትራሳውንድ ተነሥተው፣ ውጤቱ ላይ «ፋቲ ሊቨር፣ ግሬድ 1» (የስብ ጉበት፣ ደረጃ 1) የሚል መስመር አግኝተው የሚመለሱ ሰዎች ብዙ ናቸው። «ቅባት ይቀንሱ» ይባላሉ፣ ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ግሬዱ የሚናገረው ግን ስለ ስቡ መጠን ብቻ ነው። ስለ ጉበት ካንሰር ለሚያስብ ሰው ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት ጠባሳው ነው። ግሬድ 3 ስብ ኖሮት ጠባሳ ያልጀመረው ጉበት አለ፤ ግሬድ 1 ተብሎ ጠባሳው የጠናበትም አለ። ሲሮሲስ (ጉበቱ በጠባሳ ተሞልቶ መጠንከሩ) ሲበረታ ስቡ ከጉበቱ እየጠፋ ስለሚሄድ «ስቡ ቀንሷል» የሚል ውጤት ሁልጊዜ የምሥራች አይደለም።

አልኮል ሳይጠጡ የሚመጣው ይህ በሽታ ከ2023 ወዲህ በሕክምናው ዓለም ስሙ ተቀይሮ ከሜታቦሊዝም ጋር ተያይዞ ይጠራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ቦርጭ፣ ስኳር በሽታ፣ የደም ግፊትና የደም ቅባት አብረውት ይሄዳሉ። ስብ የታጨቀባቸው የጉበት ሕዋሳት ይቆጣሉ፣ ይሞታሉ፣ ሌሎች ይተካሉ። ይህ ለዓመታት ሲደጋገም ጠባሳ ይተዋል፤ በየመተካቱም የዘረመል ስህተት ይጠራቀማል። ሲሮሲስ ላይ ከደረሱት መካከል በየዓመቱ ከመቶው 1 ወይም 2 ያህሉ ካንሰር ይይዛቸዋል። ሲሮሲስ ሳይኖርም ካንሰሩ ሊመጣ ይችላል፤ ይህም ከሌሎች የጉበት በሽታዎች ይልቅ በስብ ጉበት ላይ በብዛት ይታያል። ለአንድ ሰው ሲታሰብ ግን ዕድሉ በጣም ትንሽ ስለሆነ ስብ ያለበት ሁሉ በየጊዜው የካንሰር ምርመራ እንዲያደርግ አይመከርም።

ጠባሳውን ለመገመት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ፊብ-4 የሚባለው ስሌት አራት ነገር ብቻ ይፈልጋል፦ ዕድሜ፣ ኤኤስቲና ኤኤልቲ የሚባሉት የጉበት ኢንዛይሞች፣ እና ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌት። (አንዳንድ ላቦራቶሪ ኤኤስቲን ኤስጂኦቲ፣ ኤኤልቲን ኤስጂፒቲ ብሎ ይጽፋል፤ ያው ናቸው።) የ58 ዓመት ሰው እንውሰድ፤ ኤኤስቲ 52፣ ኤኤልቲ 49፣ ፕላትሌት 140 ሺህ። ዕድሜን በኤኤስቲ ሲያባዙ 3016 ይመጣል። የኤኤልቲ ስኩዌር ሩት 7 ነው፤ በ140 ሲባዛ 980። 3016 ለ980 ሲካፈል 3.08። ከ2.67 በላይ ስለሆነ ጠባሳው የጠና ሳይሆን አይቀርም። ኢንዛይሞቹን ብቻ ያየ ሰው «ትንሽ ከፍ ብለዋል» ብሎ ያልፋቸው ነበር። ምስጢሩ ያለው ፕላትሌቱ ላይ ነው፦ ጉበት ሲጠነክር ደም ወደ ጣፊያ ይገፋል፣ ጣፊያ ያብጣል፣ ፕላትሌቱን ይይዘዋል። የዚያው ሰው ፕላትሌት 280 ሺህ ቢሆን ኖሮ ውጤቱ ወደ 1.54 ይወርድ ነበር።

ከ1.3 በታች ከሆነ ለጊዜው ያረጋጋል፤ ስኳር ያለበት ሰው በየ1 ወይም 2 ዓመቱ፣ ሌላው በየ2 ወይም 3 ዓመቱ ይድገመው። ከ65 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው በ1.3 ፈንታ መነሻው 2.0 ነው። ከ35 በታች ለሆነ ስሌቱ አያስተማምንም። እኛ አገር ደግሞ አንድ ትልቅ ጥንቃቄ አለ፦ ወባ ፕላትሌትን ያወርዳል፣ ስለዚህ በትኩሳት ሰሞን የተሰጠ ደም ለዚህ ስሌት አይሆንም። ቢልሃርዚያ ያሳበጠው ጣፊያና ካላዛርም እንዲሁ ቁጥሩን ያዛባሉ። ሐይቅና መስኖ አካባቢ ያደገ ወይም በመተማና በሑመራ ቆላ የሠራ ሰው ይህን ለሐኪሙ መንገር አለበት።

ውጤቱ ከ1.3 በላይ ሲሆን ቀጣዩ ፋይብሮስካን (የጉበትን ጥንካሬ በኪሎፓስካል የሚለካ መሣሪያ) ነው። ቢያንስ 3 ሰዓት ምግብ ሳይበሉ ይሂዱ፤ የጠገበ ሰው ጉበት ከሆነው በላይ ጠንክሮ ይለካል። ከ8 ኪሎፓስካል በታች መልካም ነው፤ ከ12 በላይ የስፔሻሊስት ጉዳይ ነው።

ሲሮሲስ መኖሩ ከታወቀ በየ6 ወሩ አልትራሳውንድና አልፋ ፌቶ ፕሮቲን (ኤኤፍፒ) የሚባለው የደም ምርመራ ይደረጋል። ብዙ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ስብ የአልትራሳውንዱን ድምፅ ይውጠዋል፤ ከላይ ያለው ክፍል ጥርት ብሎ ሲታይ የጉበቱ ጥልቅ ክፍል ይጨልማል። ከድያፍራም ሥር ያለው የቀኝ ጉልላት ደግሞ ከጎድን አጥንት ጀርባ ይደበቃል። ስለዚህ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ሳይበሉ መሄድ፣ በጀርባ ብቻ ሳይሆን በግራ ጎን ተኝቶ፣ ትንፋሽን በረጅሙ ስቦ ይዞ መታየት ያስፈልጋል። በሦስት ደቂቃ ያለቀ ምርመራ ምርመራ አይባልም። አልትራሳውንድ ብቻውን ገና ትንሽ ከሆኑ ዕጢዎች ከግማሽ በላዩን ይስታል፤ የደም ምርመራው ሲጨመር ከመቶ 63 ያህሉ ይገኛል። ወረቀቱ ላይ «ጉበቱ በደንብ አልታየም» የሚል ካለ «ዕጢ የለም» ተብሎ መነበብ የለበትም፤ ሲቲ ወይም ኤምአርአይ ይጠየቅ።

ከ1 ሴንቲሜትር ያነሰ ነገር ከታየ በ3 ወር ይደገማል። 1 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ኤኤፍፒ ከ20 ካለፈ፣ ባለ ብዙ ፌዝ (በተለያየ ቅጽበት ደጋግሞ የሚነሣ) ሲቲ ወይም ኤምአርአይ በኮንትራስት (በደም ሥር በሚሰጥ ማድመቂያ) ይታዘዛል። «ፌዝ» የሚለው ቃል ማዘዣው ላይ መኖሩን ያረጋግጡ። ካንሰሩ ራሱን የሚያጋልጠው ደሙ ከአርተሪ ሲገባ ቦግ ብሎ፣ ቆየት ሲል ከዙሪያው ጉበት ይልቅ በመጥቆሩ ነው። በአንድ ጊዜ ብቻ የተነሣ ሲቲ ይህን አያሳይም፤ ገንዘቡም ጊዜውም ይባክናል። ሲሮሲስ ያለበት ሰው ይህ ምልክት ከታየበት ናሙና ሳይወሰድ ካንሰር ይባላል። ሲሮሲስ ለሌለው ግን ናሙና ያስፈልጋል። ዕጢው አንድ ሆኖ ከ3 ሴንቲሜትር ካልበለጠ ቆርጦ ማውጣት ወይም በሙቀት ማቃጠል የመዳን ተስፋ ይሰጣል። ሕመሙ፣ ክሳቱ፣ ሆድ ውሃ መቋጠሩ የሚመጣው ዘግይቶ ነው።

ስለ መከላከሉ፦ 90 ኪሎ የሚመዝን ሰው 4.5 ኪሎ ሲቀንስ ስቡ ይቀንሳል፣ 9 ኪሎ ሲቀንስ ጠባሳው ራሱ ሊያፈገፍግ ይችላል። በጾም ወቅት ሥጋው ቀርቶ ለስላሳና በዘይት የተጠበሰ ከበዛ ግን ጉበት ስኳሩን መልሶ ስብ ያደርገዋል። ቡና የጉበት ወዳጅ ነው፤ በቀን ሦስት ስኒና ከዚያ በላይ የሚጠጡ ሰዎች ላይ ጠባሳውም ካንሰሩም አነስ ብሎ ታይቷል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ያለ ስኳር ይጠጣ። ሲሮሲስ ላለበት አረቄም ጠላም ጭራሽ አይነካም። ሄፓታይተስ ቢን አንዴ መመርመር ግድ ነው፤ ሁለቱ ሲደራረቡ አደጋው ይከብዳል። የሻገተ ለውዝና በቆሎ ይጣል። ኢንዛይሙ ትንሽ ከፍ አለ ብለው የኮሌስትሮል መድኃኒታቸውን የሚያቋርጡ አሉ፤ ሐኪም ካላለ አያቁሙ።

ለየምርመራው የድሮውን ወረቀትና ሲዲ ይዘው ይሂዱ። ዛሬ 13 ሚሊሜትር የሆነ ነገር ከ6 ወር በፊት 8 እንደነበር ካልታወቀ ማደጉን ማንም ሊያውቅ አይችልም።