ቤዝ ጊታሬን ለችክችካ ያሰናዳሁበት መንገድ

እጄ ላይ የነበረው ባለ አራት ክር፣ የጃዝ ቤዝ ቅርጽ ያለው ርካሽ ጊታር ነው። ክሩ ከፋብሪካ እንደወጣ፣ አንገቱ የጎበጠ፣ ክሩ ከፍሬቱ (አንገቱ ላይ ከተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች) በጣም የራቀ። የፈለግኩት ደግሞ ድራም፣ ኪቦርድ፣ ሳክስፎንና ድምፃዊ ባሉበት ትንሽ ባንድ ውስጥ ችክችካውንም ትዝታውንም በጥራት የሚይዝ ቤዝ ነው። ድምፅ ሲከፋብን ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምናስበው አዲስ ጊታር ወይም ፔዳል መግዛት ነው። ያለውን እስከ መጨረሻው ካስተካከልኩ በኋላ ግን ለመግዛት የቀረኝ ነገር ጥቂት ሆነ። ለችክችካ ከሁሉም የሚበልጠው ድምፁ መቼ እንደሚጀምር ብቻ ሳይሆን መቼ እንደሚቆም ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ምርጫ ሁሉ የተደረገው ለዚሁ ነው።

መጀመሪያ የቀየርኩት ክሩን ነው። በማሸጊያው ላይ 45፣ 65፣ 85፣ 105 የሚለው የክር ውፍረት በኢንች ሺኛ ነው፤ እኔም ይህንኑ ወሰድኩ። 40፣ 60፣ 80፣ 100 ለጣት ይለሰልሳል፤ ፈጠን ባለ ችክችካ ላይ ግን እጅ ሲበረታ ወፍራሙ የኢ ክር ይዋልላል፣ ፍሬቱንም እየመታ ይንጫጫል። ሁለተኛው ምርጫ የክሩ ገጽ ነው። ራውንድዋውንድ የሚባለው ሸካራው ክር ብሩህና ረጅም ድምፅ አለው፣ ጣት ሲንሸራተትበትም ይፋጫል። ፍላትዋውንድ የሚባለው ለስላሳው ክር ግን ቶሎ ይረግባል፣ ከከበሮ ጋር አብሮ ይወድቃል፣ ለዓመታትም ይቆያል። አገር ቤት የቤዝ ክር ብዙ ጊዜ ከውጭ ለሚመጣ ሰው ታዝዞ የሚገኝ በመሆኑ ዕድሜው ቀላል ነገር አይደለም። እኔ ለስላሳውን መረጥኩ።

ሸካራውን ክር ለሚመርጥ፣ የሞተ ክር ለጊዜው ይነሳል። ክሩን ፈትቶ ሳይታጠፍ በክብ ጠቅልሎ በንጹሕ ውኃ 10 ደቂቃ ያህል መቀቀል ነው። ክሩን የሚያደነዝዘው ላዩ ላይ በተጠመጠመው ሽቦ መሐል የገባው የእጅ ቅባትና ቆዳ ነውና እሱ ሲለቅ ብሩህነቱ ይመለሳል። ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ በሚገባ ማድረቅ ያስፈልጋል፤ እርጥበት ከቀረበት ከውስጥ ይዝጋል። ጥራቱ የሚቆየው ለተወሰኑ ሳምንታት ነው፤ ደጋግሞ የተቀቀለ ክር ደግሞ መቃኛው ላይ በተጠመዘዘበት ቦታ ይበጠሳል።

አዲስ ክር ሲታሰር ሁሉም የሚሳሳትበት አንድ ቦታ አለ። ክሩ ቀድሞ ከተቆረጠ ውጪኛው ጥቅል ከውስጡ ሽቦ ላይ ይላቀቃል፣ ክሩም ገና ከጅምሩ ደንቆሮ ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ በፒንሳ 90 ዲግሪ አጥፌ፣ ከታጠፈው ወዲያ ነው የምቆርጠው። መቃኛው ላይ ከሁለት እስከ ሦስት ዙር እንዲጠመዘዝ ይበቃል፤ ዙሩም ወደ ታች እየወረደ መሄድ አለበት።

ቀጥሎ አንገቱ ነው። ለስላሳ ክር ብዙውን ጊዜ ከሸካራው የበለጠ ስለሚስብ ክር የቀየረ ሰው አንገቱን ሳያይ መተው የለበትም። ክሩን በትክክል ቃኝቼ፣ የኢ ክርን በአንድ እጅ 1ኛው ፍሬት ላይ፣ በሌላው አንገቱ ከሰውነቱ ጋር በሚጋጠምበት ፍሬት ላይ ተጫንኩ። ያን ጊዜ ክሩ ራሱ ቀጥ ያለ ማስመሪያ ይሆናል። 7ኛው ወይም 8ኛው ፍሬት ላይ በክሩና በፍሬቱ መሐል የሚቀረው ክፍተት 0.3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው፤ መካኒኮች የቫልቭ ክፍተት በሚለኩበት ስስ ብረት ይለካል። የእኔ ከ0.8 በላይ ነበር። አንገቱ ውስጥ ያለውን የብረት ዘንግ በብሩጎላ ወደ ቀኝ ማጥበቅ አንገቱን ያቃናል፣ ወደ ግራ ማላላት ያጎብጠዋል። በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር በላይ አላዞርኩም፤ እንደገና ቃኝቼ ለጥቂት ሰዓት አስቀምጬ ለካሁ። እንጨት ቶሎ አይታዘዝም። እምቢ ያለን ብሎን በጉልበት ማዞር አንገቱን ያበላሻል፣ ያ ደግሞ የማይመለስ ጥፋት ነው። ክረምት ሲገባ እንጨቱ እርጥበት ስለሚስብ ጉብጠቱ ይጨምራል፣ በበጋ ሲደርቅ ይቃናና ክሩ ፍሬት መንካት ይጀምራል። ስለዚህ በዓመት ሁለት ጊዜ እለካለሁ።

የክሩን ከፍታ ያወረድኩት ከዚህ በኋላ ነው፤ አንገቱ ሳይስተካከል ከፍታ መንካት ድካም ብቻ ነው። 12ኛው ፍሬት ላይ ከፍሬቱ ጫፍ እስከ ክሩ ሥር ኢ ላይ 2.5፣ ቀጭኑ ጂ ላይ 2 ሚሊ ሜትር አደረግኩት። ዝቅ ማድረግ ይቻላል፣ ነገር ግን በሞቀ ጭፈራ መሐል እጅ ይበረታል፤ ቤት ውስጥ በቀስታ ሲነካ የማይንጫጫ ክር መድረክ ላይ ይንጫጫል። ስለዚህ ከፍታውን የምወስነው በኃይል እየመታሁ ነው።

ቀጥሎ ብሪጁ (ክሮቹ በሰውነቱ በኩል የሚያርፉበት ብረት) ላይ የክሩ ርዝመት ይስተካከላል። የቤዝ መደበኛ ርዝመት 34 ኢንች፣ ማለትም 864 ሚሊ ሜትር ግድም ነው፤ እያንዳንዱ ክር ግን በውፍረቱ መጠን ትንሽ ጭማሪ ይፈልጋል። 12ኛው ፍሬት ላይ ሃርሞኒኩን (ክሩን ሳይጫኑ በስሱ ነክቶ ሲመቱ የሚወጣውን ቀጭን ድምፅ) አሰምቼ ቱነር ላይ አየሁ፣ ከዚያ እዚያው ፍሬት ላይ ተጭኜ አየሁ። የተጫንኩት ከፍ ካለ የክሩን መቀመጫ በካቻቪቴ ወደ ኋላ፣ ዝቅ ካለ ወደ ፊት። ይህ ካልተስተካከለ ከታች ትክክል የነበረው ቤዝ ወደ ላይኛው ፍሬት ሲወጣ ከሳክስፎኑ ጋር ይጣላል፤ ተጫዋቹም ጆሮው የከዳው ይመስለዋል።

የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረውን ፒክአፕ በተመለከተ፣ ክሩን መጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭኜ ከፒክአፑ ማግኔት እስከ ክሩ በኢ በኩል 3፣ በጂ በኩል 2.5 ሚሊ ሜትር ያህል ተውኩ። ከዚህ ከቀረበ ማግኔቱ ክሩን ይስበውና ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ጃዝ ቤዝ ላይ፣ አንዱ በአንገቱ አንዱ በብሪጁ በኩል ያሉት የሁለቱ ፒክአፖች ቮሊዩም እስከ መጨረሻ ሲከፈት ከመብራት የሚመጣው 50 ኸርዝ እምምታ ይጠፋል፣ ሁለቱ ፒክአፖች እርስ በርስ ያጠፋፉታልና። አንዱን ሙሉ በሙሉ ስንዘጋ ይመለሳል። ስለዚህ የብሪጁን ፒክአፕ በትንሹ ብቻ ቀንሼ ነው የምጫወተው፤ የአንገቱ ወፍራም ድምፅ ይጎላል፣ እምምታውም ብዙ አይሰማም።

ድምፁን ለማሳጠር የተጠቀምኩበት ከሁሉም ርካሹ ዕቃ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ነው። አራቱ ክሮች ብሪጁ ላይ በድምሩ 57 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚዘረጉ 7 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 1.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ በመቀስ ቆረጥኩ። ሸካራውን አረንጓዴ ገጽ ልጬ ጣልኩት። ቁራጩን ብሪጁ ሥር፣ በክሮቹና በሰውነቱ መሐል አስገባሁት። ውፍረቱ ክሩን በስሱ የሚነካ ብቻ መሆን አለበት። የመጀመሪያው ቁራጭ ወፍራም ሆኖ ክሩን ወደ ላይ ገፋው፤ ድምፁ ቅኝት የሌለው ዱብታ ሆነ፣ ቱነሩም ከፍ ብሎ አሳየ። በምላጭ ሲሳሳ፣ አንድ ጊዜ የተመታ ክር ግልጽ ኖታውን ሰጥቶ ወዲያው የሚረግብ ሆነ። የጃዝ ቤዝ ሠሪው ፌንደርም ፕሪሲዥን የተባሉ የድሮ ቤዞቹን የብሪጅ ክዳናቸው ውስጥ ስፖንጅ ለጥፎ ይሸጥ ነበር። ለዝግተኛ ትዝታ ስፖንጁን አወጣዋለሁ፤ እዚያ ረጅም ድምፅ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ እጁ። ችክችካን በስድስት ስምንተኛ እየቆጠርን ከ1 እስከ 6 እንበል። ሦስት አመታት እጠቀማለሁ። አንደኛው 1 እና 4 ላይ ብቻ ነው፤ ድምፃዊው ስንኝ ሲጀምር ቦታ የሚሰጠው እሱ ነው። ሁለተኛው 1፣ 3፣ 4፣ 6 ነው፤ ረጅም አጭር፣ ረጅም አጭር። አመልካችና መሐል ጣት ሲፈራረቁ አመልካቹ ሁልጊዜ 1 እና 4 ላይ ይወድቃል፣ ስለዚህ ጠንካራው ጣት ጠንካራውን ምት ይይዛል። ሦስተኛው 1፣ 3፣ 5 ነው፤ ከበሮው ሁለት ሲመታ ቤዙ ሦስት ይመታል። ይህ ሲጣፍጥ በጣም ይጣፍጣል፣ ሲበዛ ግን አደጋ አለው። ኖታው ሦስት ስለሆነ በሚቀጥለው ዙር 1 ላይ የሚወድቀው መሐል ጣት ይሆናል፣ አክሰንቱም ሳይታወቅ ይሸሻል፤ ድራመሩም 1 የት እንዳለ ይጠፋዋል። ስለዚህ ከሁለት ዙር በላይ አላስኬደውም፣ ወይም ሁሉንም በአመልካች ጣት ብቻ እመታለሁ። አንድ ጣት ያንሳል የሚል ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የአሜሪካው ሙዚቃ ኩባንያ የሞታውን ቤዝ ተጫዋች ጀምስ ጀመርሰን ለስላሳ ክር ባለው ፕሪሲዥን ቤዝ ላይ ይጫወት የነበረው በአመልካች ጣቱ ነው።

4 ላይ የተመታው ድምፅ 5 ላይ መቆም አለበት። የሚያቆመው ግራ እጅ ነው፤ ጣቱን ከፍሬቱ ላይ አላልቶ ክሩን ሳይለቅ መንካት። ጣቱ ጭራሽ ከተነሳ ክፍቱ ክር ይጮኻል። ስለዚህ ለችክችካ ክፍት ክር ብዙም አልጠቀምም። ልምምዱን ሜትሮኖም በደቂቃ 70 ላይ፣ 1 እና 4 ላይ ብቻ እንዲመታ አድርጌ እጀምራለሁ፤ አምስት አምስት እየጨመርኩ 130 እደርሳለሁ። ዝግታው ይበልጥ ያስተምራል፤ ድምፁ በሰዓቱ ካልቆመ በግልጽ የሚሰማው በዝግታው ነው።

ቅኝት ላይ የቤዝ ተጫዋች ትልቁ ስህተት በሁሉም ዘፈን ላይ አንደኛና አምስተኛ ድምፅ (በሰባቱ ኖታ ሲቆጠር፣ ከሲ ከተነሳን ሲና ጂ) እየመቱ መሄድ ነው። ከሲ ብንነሳ ትዝታ ሜጀር ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው፤ አምስተኛው ጂ አለ። በትዝታ ማይነርም በባቲም በአምባሰልም ጂ አለ። አንቺ ሆዬ ግን ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ነው፤ ጂ የለም። እጅ በልማድ ሲን በኤ ክር 3ኛ ፍሬት ይዞ፣ ጂን ለማግኘት ዲ ክር 5ኛ ፍሬት ላይ ሲረግጥ፣ ድምፃዊው ጂ ፍላት ላይ ከሆነ በግማሽ ድምፅ ይጋጫሉ። ሰሚው ስሙን ባያውቀውም ፊቱ ይቀየራል። መፍትሔው በአምስተኛው ፋንታ ዲ ክር 3ኛ ፍሬት ላይ ያለውን ኤፍ መያዝ ነው። ጂ ፍላቱ 4ኛው ፍሬት ላይ አጠገቡ አለ፣ ዲ ፍላት ኤ ክር 4ኛ ላይ፣ ኤ ጂ ክር 2ኛ ላይ። ቅኝቱ በሙሉ በአንድ እጅ መዘርጊያ ውስጥ ይገኛል። በትዝታ ሜጀር ደግሞ መሸጋገሪያ ብሎ ኤፍንና ቢን መጨመር ዘፈኑን ወዲያው ወደ ሌላ አገር ይወስደዋል። ይህን ጉዳይ ለማጥናት የአይቤክስና የሮሃ ባንዱን የጆቫኒ ሪኮ ቤዝ በሄድፎን መስማት ከብዙ ትምህርት ይበልጣል፤ የስልክ ስፒከር የቤዝን ሥር አያሰማም።

ሳክስፎን ያለበት ባንድ ኢ ፍላትንና ቢ ፍላትን ይወዳል። የባለ አራት ክር ቤዝ ዝቅተኛው ድምፅ ኢ፣ 41 ኸርዝ ስለሆነ ኢ ፍላት ከታች የለም። ባለ አምስት ክር ከመግዛት በፊት አራቱንም ክሮች በግማሽ ድምፅ አውርዶ መሞከር ይቻላል። በባለ አምስቱ ላይ የሚጨመረው የቢ ክር 31 ኸርዝ ነው፣ ትንሽ ስፒከር በደንብ አያወጣውም።

ስፒከርን ካነሳን፣ ቤዝን በሊድ ጊታር አምፕ አላስገባም፤ ኮኑ ለዚያ ንዝረት አልተሠራም፣ ሲጮህ ይቀደዳል። ለልምምድ ባለ 10 ኢንች የቤዝ አምፕ ይበቃል፣ ከድራም ጋር ግን 200 ዋት አካባቢና ባለ 12 ወይም ባለ 15 ኢንች ስፒከር ያስፈልጋል። ያ ከሌለ በዲአይ ቦክስ (የጊታሩን ድምፅ ለሚክሰር እንዲመች የሚያደርግ ትንሽ ሳጥን) ወደ ሚክሰሩ ገብቶ በሞንታርቦው መውጣት ነው። ባትሪ የሌለውን ጊታር ያለ ዲአይ በቀጥታ ላይን ኢን ላይ መሰካት ድምፁን ያደበዝዘዋል፤ ያ መግቢያ ለፒክአፑ ከባድ ጭነት ነው። ባትሪ ያለው ጊታር ደግሞ ኬብሉ እንደተሰካ ካደረ 9 ቮልቱ ያልቃል፤ ነቅሎ ማስቀመጥ ነው። ፔዳል ላይ ብዙ አልልም፤ አንድ ኮምፕሬሰር (የበረታውን ድምፅ የሚያለዝብ) 4 ለ 1፣ ከ3 እስከ 4 ዴሲቤል ብቻ እንዲይዝ።

እምምታ ሲኖር ክሩን በእጅ መንካት ነው። ከቀነሰ ሽቦው ደህና ነው፣ የጎደለው በውስጥ በኩል የመዳብ ፎይል ሽፋን ነው። ምንም ካልተለወጠ ከብሪጁ ሥር የሚሄደው የግራውንድ ሽቦ ተበጥሷል ማለት ነው፤ በብየዳ ይመለሳል። ክሩን ይዞ ከንፈር ማይኩን ሲነካ የሚነዝር ከሆነ ግን ችግሩ የጊታሩ ሳይሆን የመብራቱ ነው። ወዲያው አቁሞ፣ ሚክሰሩንም አምፑንም ግራውንድ ካለው አንድ ሶኬት በአንድ ዲቫይደር መሰካት ያስፈልጋል። እምምታ ለማጥፋት ብሎ የሶኬቱን የግራውንድ እግር መቁረጥ ሰው ይገድላል።

መድረክ ላይ አምፑን ከጥግ አርቄ ወንበር ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ ጥግና የእንጨት ወለል ቤዙን ያስጮኹታል። ድምፅ ስፈትሽ ስልኬን አዳራሹ መሐል አስቀምጬ እቀዳለሁ፣ በሄድፎን እሰማለሁ። ቤዙ ካልለየ ቮሊዩም አልጨምርም። መጀመሪያ የኪቦርዱ ግራ እጅ ቤዝ እየመታ እንደሆነ አያለሁ፤ ብቻውን መሥራት የለመደ ኪቦርዲስት ሳያስበው ይመታዋል፣ እና ሁለት ቤዝ በአንድ ቦታ ላይ ሲደራረብ ጭቃ ነው። ግራ እጁን ከመሐል ሲ በላይ እንዲያወጣ እንስማማለን። ከዚያ ከራሴ ቤዝ ላይ 250 ኸርዝን በ3 ዴሲቤል ቀንሼ፣ 800 ኸርዝን በ2 ጨምሬ እንደገና እቀዳለሁ።