ከጣና ትንሽ ከፍ የሚል ተራራ

ነሐሴ መጨረሻ፣ ቦስተን

ጉልበቴ እስካሁን ያመኛል። ትናንት የማውንት ዋሽንግተንን ጫፍ ረገጥኩ። ሁለተኛ ሙከራዬ ነበር።

ተራራው ኒው ሃምፕሸር ውስጥ ነው። ከፍታው 1,917 ሜትር። አምና ይህን ቁጥር ሳይ ናቅኩት። ደባርቅ ነው ያደግኩት። አዲስ አበባ እንኳ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ባሕር ዳር ደግሞ 1,800። ከጣና ትንሽ ከፍ ያለ ተራራ ምን ያደርገኛል አልኩና በስስ ጃኬት ወጣሁ። ዛፉ እንዳለቀ ጉም ዋጠን። ነፋሱ ቀጥ ብዬ ልቁም ብል አላስቆም አለኝ። ጓደኛዬ «እንመለስ» አለኝ። እልህ ይዞኝ ነበር፤ ግን ሰማሁት። እንኳን ሰማሁት።

ስለ መንገዱ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ክራውፎርድ ፓዝ ይባላል። አቤል ክራውፎርድና ልጁ ኢተን በ1819 (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው) ጫካ መንጥረው ያወጡት ነው። ከዚያ ጀምሮ ሰው ሳይለየው ኖሯል። በጁን 30 ቀን 1900 ዊልያም ከርቲስና አለን ኦርምስቢ የሚባሉ ሁለት ሰዎች እዚሁ መንገድ ላይ ወጀብ ይዟቸው ሞቱ። ከርቲስ ስመ ጥር ስፖርተኛ ነበር። ጁን ደግሞ እዚህ አገር የሙቀት ወር ነው። በኤፕሪል 1934 ጫፉ ላይ የሚኖሩ የአየር ጠባይ ታዛቢዎች በሰዓት 372 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ነፋስ ለክተዋል። ይህን ሳነብ አምና የያዘኝ እልህ አስፈራኝ።

ዘንድሮ ወፍራም ልብስ፣ በሶና ቆሎ ይዤ ጎህ ሲቀድ ጀመርን። እስከ ጫፉ 13 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው። መጀመሪያ ጫካ ነው፤ ሥር፣ እርጥብ ድንጋይ፣ የድንጋይ ሽበት። ከዚያ ዛፉ እያጠረ ይመጣል። መጀመሪያ ቁመቴን ያክላል፣ ቀጥሎ ወገቤን፣ ቀጥሎ ጉልበቴን። በመጨረሻ መሬት ላይ ተኝቶ ይቀራል። እኛ አገር አስታው አልቆ ጓሳና ጅባራ ብቻ ሲቀር ውርጭ እንላለን። ለዚያ ግን ከ3,500 ሜትር በላይ መውጣት አለብህ። እዚህ 1,500 ሳይሞላ ውርጭ ገባሁ። ከምድር ወገብ ሲርቁ ብርዱ ወደ ታች ይወርዳል፤ የቀረውን ነፋሱ ይጨርሰዋል። ሽታው ግን የስሜን ነው። እርጥብ ድንጋይና ቀዝቃዛ ሣር። ቆሜ ብዙ ጊዜ አሸተትኩት።

ከዚያ በኋላ መንገድ የሚያሳይህ የድንጋይ ክምር ነው። ከአንዱ ክምር ሌላው እስኪታይ ትጠብቃለህ። ማውንት ሞንሮ ሥር የአውራ ጣት ጥፍር የማታክል ቢጫ አበባ ያላት ተክል አለች። በዓለም ላይ እዚህ ተራራ ሰንሰለት ካልሆነ አትገኝም። የሰው እግር ሊያጠፋት ሲል መንገዱን ከእሷ አራቁት። በ2002 ሊጠፉ ከተቃረቡት ዝርዝር ወጣች። አበባዋ አልፎ ስለነበር አላየኋትም፤ ግን ከመንገዱ አንድ እርምጃ አልወጣሁም።

የመጨረሻው አቀበት ድንጋይ በድንጋይ ነው። ጫፉ ላይ በባቡርና በመኪና የወጡ ሰዎች ፎቶ ለመነሳት ተሰልፈዋል። ተሰለፍኩ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር።

ዛሬ ጠዋት አባቴ ጋ ደወልኩ። በወጣትነታቸው ስሜን ውስጥ እህል በበቅሎ ያመላልሱ ነበር። ከፍታውን ስነግራቸው ዝም አሉ።

«ታዲያ በቅሎ ይወጣዋል?» አሉኝ።

በ1840 መንገዱ ለፈረስ ሲጠረግ ያ አቤል ክራውፎርድ በፈረስ ጫፉ ድረስ እንደወጣ ነገርኳቸው። በ75 ዓመቱ።

«ሰባ አምስት?» አሉ። ትንሽ ቆዩና፣ «እኔ እኮ ገና ሰባ ሦስቴ ነው ልጄ» አሉኝ።