እምነቴን ይዤ እንድሄድ
ዛሬ አልጋ ላይ የዋሉ አንድ አረጋዊ አባት ልጠይቅ ሄድኩ። ዓይናቸው ስለደከመ ዳዊት አነበብኩላቸው። «በእርጅናዬ ዘመን አትጣለኝ» የሚለው ጋ ስደርስ ከንፈራቸው ከእኔ ቀድሞ ተንቀሳቀሰ። ስለ ሕመማቸው ምንም አላነሡም። «ልጄ፣ እምነቴን ይዤ እንድሄድ ጸልይልኝ» ብቻ አሉኝ።

ዕድሜያቸውን በጸሎት የፈጁ ሰው ይህን መለመናቸው ልቤን ነካው። ደግሞም እውነታቸውን ነው። ዴማስ የጳውሎስ የሥራ ባልደረባ ነበር፤ በኋላ ግን ዓለምን ወድዶ ተወው። መጀመር ብቻውን አያደርስም!

የሰምርኔሱ ጳጳስ ፖሊካርፐስ ክርስቶስን እንዲክድ ሲጠየቅ፣ 86 ዓመት ሲያገለግለው አንዳች ክፉ እንዳላደረገበት ተናግሮ ሞትን ተቀበለ። «እስከ ሞት ድረስ የታመንህ ሁን» የሚለው የራእይ መልእክትም ቀድሞ የተላከው ለዚያችው ለሰምርኔስ ቤተ ክርስቲያን ነበር።