የቤት ቁጥር ሳይኖረኝ ሴፍቲኔት የገባሁበት መንገድ

ጎንደር ፒያሳ፣ አንድ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ላይ ሁለት ክረምት አድሬአለሁ። ቀን መናኸሪያ ዕቃ እሸከማለሁ፤ ማታ ካርቶን አነጥፋለሁ። ሴፍቲኔት ማለትም ድሃውን የሚደግፈው የመንግሥት ፕሮግራም ውስጥ ለመግባት ድህነቴን ማስረዳት አይከብደኝም ብዬ ነበር። እሱስ አልከበደኝም። መከራዬን ያበላኝ የቤት ቁጥር ነው።

ወሬውን የነገረችኝ ጠዋት ጠዋት በዱቤ ሻይ የምታጠጣኝ ሴት ናት። የከተማ ሴፍቲኔት በ2009 በ11 ከተሞች ሲጀመር ከአማራ ክልል የተያዘችው ደሴ ብቻ ነበረች፤ ጎንደርን የደረሳት በሁለተኛው ዙር ነው። ጉልበት ያለው በአካባቢ ልማት ሠርቶ ይከፈለዋል። መሥራት የማይችል አረጋዊና አካል ጉዳተኛ ደግሞ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። እኔ ትከሻ አለኝ። ቀበሌ ሮጥኩ።

«መታወቂያ?» አለኝ ልጁ። የለኝም። «የት ነው የምትኖረው?» በረንዳ አልኩት። ክፉ ልጅ አልነበረም። ቅጹን አዙሮ ባዶውን መስመር በእስክሪብቶ እየነካ፣ «እዚህ ላይ ምን ብዬ ልጻፍልህ?» አለኝ። እኔም መልስ አጣሁ።

ከዚያ የሠራሁት ጅልነት ነው። አንድ ደላላ «በሦስት ቀን መታወቂያ አወጣልሃለሁ» ብሎ 800 ብሬን ቅርጥፍ አድርጎ በላ። ስልኩም ጠፋ። ያ ገንዘብ ቢኖር የቤት ኪራይ እከፍልበት ነበር።

በኋላ ከሦስት ተሸካሚዎች ጋር ሆነን ቀሃ ወንዝ አጠገብ አንዲት የጭቃ ክፍል ተከራየን። አከራያችን ቀበሌ ሄደው ደባል አድርገው እንዲያስመዘግቡኝ ስለምናቸው አሻፈረኝ አሉ። «ነገ ቤቱ የኔ ነው ብትልስ?» አልፈረድኩባቸውም። ሻይ ሻጯ አንድ እሑድ አብራኝ መጣች፤ «እማማ፣ እኔ አለሁበት» አለቻቸው። ሰኞ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

መሸኛ፣ ማለትም ከቀድሞው ቀበሌ የሚጻፍ የመልቀቂያ ወረቀት ቀረ። ደምቢያ ተመልሼ ከትውልድ ቀበሌዬ ማምጣት ነበረብኝ። ከቤት የወጣሁት ከእንጀራ አባቴ ተጣልቼ ስለሆነ እግሬ አልሄድም ብሎኝ ስንት ሳምንት አባከንኩ። ስሄድ ደግሞ ሊቀመንበሩ ለቅሶ ላይ ናቸው። ሁለት ሌሊት አክስቴ ቤት አደርኩ። ሦስተኛው ቀን ማኅተሙ ተመታ፤ ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልዬ ደረቴ ውስጥ ከተትኩት።

መታወቂያው ወጣ። የሴፍቲኔት ምዝገባው ሲደርስ ግን ማን እንደሚገባ የሠፈር ኮሚቴ ነው የሚለየው። ዝርዝሩ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ስሜ የለም። «ወንደላጤ ነው፣ ጤነኛ ነው፣ ትናንት የመጣ ነው» ተብሏል። ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ፊት ስቀርብ አንደበቴ ተሳሰረ። ያን ጊዜ ሻይ ሻጯ ከመቀነቷ የዱቤ ደብተሯን አወጣች። በሻይ የራሰ፣ ጠርዙ የተጠቀለለ ደብተር ነው። «ትናንት የመጣ ነው ላላችሁት፣ ይኸው ቀኑ» ብላ ገጹን ትገልጥ ጀመር። ሻይ በዳቦ፣ ሻይ ብቻ፣ ሻይ ብቻ። ስድስት ወር መኖር ነበር መስፈርቱ፤ ደብተሩ ከዓመት በላይ ያሳያል። አንዱ ሽማግሌ ሳቁን አልቻለም። ተጨመርኩ።

ቦይ ጠረግን፣ ደለል አወጣን፣ ለጥምቀት መንገድ አጸዳን። እንግዲህ ማንም ያልነገረኝን ልንገራችሁ። የሥራው ቀን የሚታሰበው በቤተሰብ ቁጥር ነው። አራት ራስ ያለው ቤት የአራት ሰው ቀን ሲሠራ ለእኔ የራሴ ብቻ ናት፤ እሷም በየዓመቱ እየቀነሰች ትሄዳለች። የእኔ ቤተሰብ ካርቶን ነበር፣ እሱ ደግሞ አይመዘገብም። ክፍያው ንግድ ባንክ ይገባል፣ 20 በመቶው ቁጠባ ተብሎ ይያዛል። መጀመሪያ ተነጫነጭኩ። የሚዘገይበትም ወር ስላለ ሸክሜን አልተውኩም።

እንደገና ብጀምር ደምቢያ የምሄደው በመጀመሪያው ሳምንት ነበር። ከቀበሌው በፊትም የሚያውቀኝን ሰው እይዛለሁ። የእያንዳንዱን ወረቀት ኮፒ ደግሞ ሁለት ሁለት አስነሣለሁ፤ አንዴ አንዱ ቢሮ ፋይሌን አጥቶ በኮፒው ነው የተረፍኩት።

ባለፈው ሳምንት በረንዳ አብሮኝ ያድር የነበረ ልጅ መናኸሪያ አገኘኝ። «እንዴት ነው የሚገባው?» አለኝ። መሸኛ እንዳለው ጠየቅኩት። ዝም አለ። አገሩ ደባርቅ ነው። የመሄጃውን እኔ እሰጥሃለሁ አልኩት፤ የመመለሻውን ገና እየተከራከርን ነው።