ፍየል የሚዘራው ዛፍ

ከአዋሽ ሰባት የወጣነው ፀሐዩ ሳይበረታ ነው። ወደ ገዋኔ ስንቃረብ መንገዱን ግራና ቀኝ ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ ዋጠው። ደስ አለኝ። በዚያ ሐሩር አረንጓዴ ማየት ማንን ያስከፋል?

«አትደሰት፣ ወያኔ ነው» አሉኝ ሾፌሩ። በጅቡቲ መስመር ሲመላለሱ ነው የሸበቱት።

ፖለቲካ የጀመሩ መስሎኝ ነበር። ለካ የዛፉ ስም ነው። መጽሐፍ ላይ ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ ይባላል። «የደርግ ዛፍ» የሚሉትም አሉ፤ የመጣው በደርግ ዘመን ስለሆነ ይሄኛው ስም ይቀርበዋል። በረሃውን ይገታል፣ ጥላና ማገዶ ይሆናል ተብሎ አፋር ውስጥ አሚባራ አካባቢ ተተከለ። ለጥላ ተብሎ እሾህ መትከል ግን እስካሁን አልገባኝም።

ብዙም ሳንሄድ ጎማ ተነፈሰ። እሾሁ ነው። ሾፌሩ ስኮርታውን ሲያወርዱ ላግዝ ብዬ ወረድኩና እኔም ተወጋሁ። የጫማዬን ሶል በስቶ ነው የገባው። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ስነቅል ፍየል የሚጠብቅ ልጅ መጥቶ ሳቀብኝ።

ፍየሎቹ ቢጫውን ረጅም ፍሬ ከመሬት እየለቀሙ ያኝካሉ። ቅጠሉን ዞር ብለውም አያዩትም። ፍሬውን ቀመስኩት፤ ይጣፍጣል። ልጁ ደረቅ በጠጥ በበትሩ ፈረካክሶ አሳየኝ። ዘሩ ምንም ሳይሆን ውስጡ ተቀምጧል። ሽፋኑ ጠንካራ ነው፤ በሆድ ማለፉ እንዲያውም ለመብቀል ያግዘዋል። ከነማዳበሪያው ተዘራ ማለት ነው።

ከሥሩ ሣር አይታይም። ሲቆርጡት ደግሞ ከጉቶው ብዙ ሆኖ ይነሳል። በ35 ዓመት ገደማ አፋር ውስጥ ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ይዟል፤ ያውም ለከብት የሚሆነውን የወንዝ ዳር ግጦሽ ጭምር።

አገሩ ሜክሲኮ፣ ካሪቢያንና ደቡብ አሜሪካ ነው። እዚያ ዘሩን ቦርቡረው የሚበሉ ነቀዞች አሉ። ወደ እኛ ሲመጣ ግን ዘሩ ብቻ መጣ፣ ነቀዞቹ እዚያው ቀሩ። የኛ ግራር ከድሮ ጠላቶቹ ጋር እየታገለ ነው የሚኖረው፤ እሱ ባዶ ሜዳ አገኘ።

ኬንያም ተክለውታል። የባሪንጎ ሰዎች መንግሥትን ከሰሱና ጥርሷ የረገፈ ፍየል ለማስረጃ ፍርድ ቤት አቀረቡ። ጣፋጩ ፍሬ ሲበዛ ጥርስም ይጨርሳል።

ማታ ገዋኔ መንገድ ዳር ቡና ጠጣን። አጠገባችን ከሰል በማዳበሪያ ተደርድሯል።

«የምን እንጨት ነው?» አልኳት ቡና አፍዪዋን።

«የሱ ነዋ! ሌላ ምን ቀረ?»

ያኔ ለመታሰቢያ የያዝኩት ፍሬ ትዝ አለኝና ከኪሴ አወጣሁት። ሾፌሩ ቀምተው ፍሙ ላይ ጣሉት።

«አዲስ አበባ ልታስገባው ነበር?» አሉኝ።

ሲቃጠል የተቃጠለ ስኳር ሸተተ።