ሻለቃ የሌሉበት እንቁጣጣሽ

እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገራችሁ! ዛሬ መስከረም 1 ቀን 2018 ነው። ገና ቁርስ ሳይቀርብ የሰፈሩ ልጃገረዶች ከበሯቸውን ይዘው በሁለት ቡድን መጥተው ሄደዋል። ሁለተኛዎቹ ግጥሙን በግማሽ ነው የሚያውቁት፣ ብሩን ግን በሙሉ ተቀብለዋል። ይባረኩ።

በዚህ ቀን ከማንም ቀድመው የሚደውሉልኝ ሻለቃ ነበሩ። «ሃሎ» የለ፣ «እንደምን አደርክ» የለ። ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ በዚያ የሬዲዮ ድምፃቸው «ቀጥሎ መግለጫ ይነበባል» ይሉና የቤተሰቤን ስም በማዕረግ ቅደም ተከተል ጠርተው እንኳን አደረሳችሁ ይላሉ። ትንሿ ልጄ ጄኔራል ነበረች፤ እኔ ሁልጊዜ መጨረሻ ነኝ። ዘንድሮ አልደወሉም። ሻለቃን ሚያዝያ ላይ ቀብረናቸዋል።

በደርግ ዘመን ሠራዊት ውስጥ ሥራቸው ዛሬ የሕዝብ ግንኙነት መኮንን የምንለው ነበር። ጠመንጃ መያዛቸው አልቀረም፣ እሳቸው የሚያወሩት ግን ስለ ቴፕ መቅረጫቸውና ስለ ደብተራቸው ነው። በ1969 የእናት አገር ጥሪ ጊዜ ታጠቅ ጦር ሰፈር የገባውን ሚሊሻ ድምፅ በመቅዳት ጀመሩ፤ ከዚያ ከሠራዊቱ ጋር ወደ ምሥራቅ ወረዱ። የካቲት 26 ቀን 1970 የካራማራ ድል ሲበሰር እዚያው ነበሩ። «ያንን ዜና ስጽፍ አንድም ነገር መደበቅ አላስፈለገኝም» ይሉ ነበር፣ ይህንንም ሲሉ ፊታቸው ይበራል። ስለ 1980 ግን ፊታቸው ሌላ ነው። በዚያ ዓመት መጋቢት ላይ፣ ኤርትራ ውስጥ የነበረው የሠራዊቱ ናደው እዝ አፋቤት ላይ ተሸንፎ ሲፈታ አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ነበሩ፤ የሚያውቁትንና ሬዲዮው የሚለውን ለየብቻ ይዘው ነው የከረሙት። የልጆቻቸውን ወሬ የሚጠይቁ እናቶች በር ላይ መቆም ሲጀምሩ እሳቸው በጓሮ በር መውጣት ጀመሩ። ስለዚያ ወር የነገሩኝ ይህንኑ ብቻ ነው።

አንዱን ታሪክ ግን አምና በዚህ ቀን፣ ሁለተኛው ቡና ላይ አጫወቱኝ። ጳጉሜን ነው፤ በሰሜን ግንባር ምሽግ ለምሽግ እየዞሩ ለእንቁጣጣሽ የሚተላለፍ የወታደሮች ሰላምታ ይቀዳሉ። «እኔ ደህና ነኝ፤ ለእናቴ፣ ለአባቴ፣ ለታናሽ እህቴ...» የሚባለው ዓይነት። አንዱ ልጅ ተናግሮ ከጨረሰ በኋላ ሮጦ መጣ፤ አያቱን ረስቷል። እንደገና ቀዱት። ቴፑ አዲስ አበባ ሲደርስ ልጁ የለም፤ ወሬው ቀድሞ ደርሷል። ቢቆርጡት፣ ቤተሰቡ ሬዲዮ ከቦ ሲጠብቅ የሌላው ሰው ልጅ ሁሉ ተናግሮ የእነሱ ይቀራል። ቢያስተላልፉት፣ እናት ለሞተ ልጇ እልል ልትል ነው። ቤተሰቡን አግኝቶ አስቀድሞ መንገር ደግሞ አይፈቀድም። ሌሊቱን ቢሮ አደሩ። ጠዋት አስተላለፉት።

«አያትየዋ ትስማው ብዬ ነው» አሉኝ። ስኒያቸውን አስቀምጠው ትንሽ ቆዩና «ወይስ መቁረጡን ፈርቼ?» አሉ።

ዛሬ በዚህ ጉዳይ ሌሊት የሚያድር አላየሁም። የወደቀ ልጅ አፈር ሳይቀምስ ፎቶው ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ይወጣል። አንዱ ለፉከራ ይለጥፈዋል፣ ሌላው ለቁጭት፣ ሌላው ለተመልካች ብዛት፤ እናቱ መርዶዋን ከጎረቤት ስልክ ታያለች። ሻለቃ የሠሩበት ቢሮ ሞትን ደብቋል፤ እሳቸው ይህን ክደው አያውቁም። እኛ ያደረግነው ግን መሻሻል ከሆነ አላውቅም።

ስለዚህ የዘንድሮ ምኞቴ ለሁሉም እኩል አይደለም። የልጁን ድምፅ ሳይሰማ የከረመ ወላጅ፣ ዛሬ ስልኩ ይጩህለት። መግለጫ የምትጽፉ ወዳጆቼ፣ ዓመቱ ደስ የሚል ዜና የምትጽፉበት ይሁንላችሁ፤ ደስ የማይለውን ደግሞ ቤተሰብ ከእናንተ ቀድሞ ይስማው። የወደቀ ሰው ፎቶ ገጻችሁ ላይ የሰቀላችሁ፣ መልካም አዲስ ዓመት የምላችሁ መጀመሪያ ስታወርዱት ነው።

ምስጋናም አለብኝ። በመጨረሻዎቹ ወራት ከሥራ እየወጣች አባቷን ስታስታምም ለከረመችው ልጃቸው፤ እህቴ፣ ያየሁትን አይቻለሁ። በምርኩዝ ከቢሾፍቱ ተነስተው ለቀብሩ ለደረሱት፣ ያንን ከባድ መቅረጫ አብረዋቸው ለተሸከሙት አሥር አለቃ። ለእድራችን ጸሐፊም፦ የሰፈሩን ሟች ሁሉ የሕይወት ታሪክ የሚጽፉት ሻለቃ ነበሩና የእሳቸውን ማን ይጻፍ ሲባል ወረቀቱን ለእኔ ስለሰጡኝ። ሻለቃ «ደግ፣ ሩኅሩኅ፣ ሰው አክባሪ» የሚለውን አይወዱም፤ ይሰርዙና «ምን አደረገ? እሱን ጻፍ» ይላሉ። እንደዚያው ጻፍኩ። የጓሮ በሩን ላስገባው ብዬ ልጃቸውን ጠየቅኳት፤ «አስገባው» አለችኝ፣ ተነበበ። አንዳንድ የቀድሞ ባልደረቦቻቸው ቅር ብሏቸዋል፤ ይቅርታ አልጠየቅኩም።

አሁን አንድ ጉዳይ ላስቸግራችሁ። ሻለቃ የቀዱትን ወታደር ሁሉ ስሙን፣ የትውልድ ቦታውን፣ ሰላምታው ለማን እንደሆነ ጭምር በደብተር ይጽፉ ነበር። ቴፖቹ እሳቸው ዘንድ አልነበሩም፤ ደብተሮቹ ግን ቤት ውስጥ ተቀምጠዋል፣ ልጃቸውም እንዳያቸው ፈቅዳልኛለች። አባታችሁ፣ ወንድማችሁ ወይም አጎታችሁ በእነዚያ ዓመታት በምሥራቅ ወይም በሰሜን ግንባር የነበረ ከሆነ፣ ሙሉ ስሙንና የተወለደበትን አውራጃ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። የሻለቃ የእጅ ጽሑፍ የሐኪም ነው የሚመስለው፤ ትንሽ ጊዜ ስጡኝ እንጂ ገጽ በገጽ አይቼ፣ ቢኖርም ባይኖርም እመልስላችኋለሁ።